የሦስተኛው ዘፈን ሴትዮ

ቺካጎ፣ ማርች 4 ቀን 1985

ለተከበሩ አክስቴ ለእናት ኦዜላ
ሼልቢ፣ ሚሲሲፒ

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ወገብዎም፣ ዶሮዎችዎም፣ የቤተ ክርስቲያንዎ መዘምራንም በሙሉ ጤና እንዲገኙ እመኛለሁ። እኔ ከአያቴ ኩርፊያ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

አያውቁኝም። ዴኒታ እባላለሁ። የወንድምዎ የላፋዬት የልጅ ልጅ ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ከአያቴና ከሚስታቸው ከእማማ ኧርሊን ጋር ነው። አድራሻዎን ያገኘሁት በየገናው ከሚልኩልን ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ሁልጊዜ «ጌታ ይጠብቅህ፤ ኦዜላ» ብቻ ስለሚል፣ እስከ አምና ድረስ ኦዜላ የሚባል የመድን ድርጅት ያለ ይመስለኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ባለፈው ኖቬምበር የአያቴ ግራ እጅ ድንገት አልታዘዝም አለ። ሐኪም ቤት ተኝተው ወጡ። አሁን ይበላሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው እንዲያውም ተሻሽሏል። ጣቶቻቸው ግን የሚታዘዙት ልክ እንደ እኔ ነው፤ ዘግይተው፣ እያጉረመረሙ። ስለዚህ ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ። ድምፅ ማጉያው ላይ እማማ ኧርሊን የአበባ ማሰሮ አስቀመጡበት። ያ ማጉያ ማለት እኮ «ሽቦው ሲሞቅ» የተባለው የአያቴ ሸክላ የተቀረጸበት ማጉያ ነው! ባለፈው ወር አንድ ወጣት ከኖርዌይ ድረስ ሊያየው መጥቶ፣ አበባውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀብር የደረሰ መስሎት ነው።

ሸክላው ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞላው። እኔ እውነቱን ልናገርና፣ የሽማግሌ ሙዚቃ ነው እያልኩ ነው ያደግኩት። ግን የአውቶቡስ ሹፌራችን ያፏጨዋል። አያቴን ያስታመመችው ነርስ ስማቸውን ስታነብ መርፌውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «አባቴ የሞተ ሰሞን እናቴ ከዚያ ሸክላ ሌላ ምንም አታስደምጠንም ነበር» አለች፤ አያቴ ደግሞ መርፌውን እያዩ «እባክሽ መጀመሪያ እሱን አስቀምጪው» አሏት። ሁሉም የሚወዱት አንድ ቦታ ነው፤ የሦስተኛውን ዘፈን መጀመሪያ።

ዘፈኑ «ሰባት ማይል ጭቃ» ይባላል። አያቴ ባንዱ ሳይደላደል ቀድመው ይገቡና ይደናቀፋሉ። ያቆማሉ። ማጉያው ብቻውን እምምም ይላል። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ «ቀስ በል፣ የኔ ጌታ» ትላለች። ቀጥሎ አንድ «ድም» ይሰማል። ከዚያ አንዲት ረጅም የጊታር ድምፅ ትመጣለች፤ አንዲት ብቻ። የኖርዌዩ ልጅ ስለዚያች ድምፅ ሲያወራ እንባው መጣ። እኔ ሻይ አመጣሁለት፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ሴትዮዋ ማን ናት? አያቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። «የማታውቋት ሰው ናት» ይላሉ፣ አለቀ። እማማ ኧርሊን አያቴን ያገቡት ሸክላው ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ «ባሌን የኔ ጌታ የምትለዋን ሴት እኔማ አውቃታለሁ» እያሉ፣ እንግዳ ስለ ሸክላው በጠየቀ ቁጥር አያቴን ሶፋ ላይ ያስተኟቸዋል። ኖርዌይ ለብቻዋ ሁለት ሌሊት አስተኝታቸዋለች። «ድም» የምትለዋን ደግሞ ሁሉም የከበሮ መቺው የአጎቴ ሮስኮ ስህተት ናት ይላሉ። አጎቴ ሮስኮ «አልመታሁም! በእናቴ አልመታሁም!» እያሉ አረጁ።

አያቴ ይጫወቱበት የነበረው መጠጥ ቤት ባለቤት ሚስ ክሎቲል፣ ጁን 8 ቀን አያቴ ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር እንዲጫወቱላት ትፈልጋለች። አያቴ «ቀርፋፋ ነገር ማየት ካማራት ኤሊ ታምጣ» አሉ። ግን አየኋቸው። ቤት ውስጥ ማንም የሌለ መስሏቸው ጊታሩን ከአልጋ ሥር ስበው አውጥተው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አንዲት ድምፅ ሳያወጡበት ተቀምጠው ነበር። እንደዚያ እንደተቀመጡ እንዳይቀሩ ነው የምፈራው።

እርስዎ ታላቅ እኅታቸው ነዎት። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች ያውቃሉ? ብትገኝ አንድ ነገር የምታደርግልን ይመስለኛል።

አክባሪዎ (ይህን ቃል እማማ ኧርሊን ቢያዩ በሳቅ ይወድቃሉ)
ዴኒታ


ሼልቢ፣ ማርች 20 ቀን 1985

ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለዴኒታ

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ወንድሜን ከአልጋ ያነሳው አምላክ ስሙ ይመስገን። መታመሙን ከአራት ወር በኋላ፣ ያውም ከአንቺ መስማቴ ግን አስቀይሞኛል። እዚያ ቤት ከአንቺ ሌላ እስክሪብቶ የሚይዝ ሰው የለም?

እኔ ደህና ነኝ። ዳሌዬ ያመኛል፤ ዶሮዎቹ ይጥላሉ፤ መዘምራኑን ግን ጌታ ራሱ ይርዳቸው።

ለትልቅ ሰው በቀይ እስክሪብቶ አይጻፍም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ማርማላታ አለ።

ስለ ፌት እጅ (ላፋዬትን ከልጅነቱ የምጠራው ፌት ብዬ ነው) በደንብ ጻፊልኝ። አውራ ጣቱ ይነሳል? የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል? ሲተኛ ያመዋል? ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይንከረው። ልጅ ሳለ ጥጥ ለቅመን ስንመለስ ጣቱ ሲያብጥ እንደዚያ አደርግለት ነበር። እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ አራት።

ስለ ሸክላው የምነግርሽ የለኝም። እኔ የቤተ ክርስቲያን እናት ነኝ፤ ነጭ ለብሼ ፊተኛው ወንበር ላይ የምቀመጥ ሰው። መጠጥ ቤት ውስጥ ስለሚዘፈን ነገር ሌላ ሰው ጠይቂ።

አሁን ልጆች ጥቅስ በማስጠናት ላይ ነኝ፤ ለፋሲካ፣ ከዚያም ጁን ላይ ለሚውለው ለልጆች እሑድ። ሳይተነፍሱ ያንበለብሉታል። ያንቺም ደብዳቤ እንደነሱ ያለከልካል፤ ከሐኪም ቤት ኖርዌይ፣ ከኖርዌይ ሶፋ። ቀስ በይ፣ የኔ እመቤት። ማንም አያባርርሽም።

ከጓሮዬ ዛፍ የረገፈውን የፔካን ለውዝ ፈልፍዬ ልኬያለሁ። ለፌት ነው፤ ላንቺ አይደለም።

በጸሎት የማስባችሁ
ኦዜላ


ቺካጎ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1985

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይድረስዎ። ገጹ ላይ ጠብታ ካገኙ ማርማላታ አይደለም፤ የፔካኑ ቅባት ነው። አያቴ «ላንቺ አይደለም ተብሏል» እያሉ ግማሹን ሰጡኝ።

አውራ ጣታቸው ይነሳል። ቁልፍ ሁለት ይቆልፉና ሦስተኛው ላይ ይሳደባሉ። ሲተኙ አያማቸውም፤ ማንኮራፋታቸው ግን እኛን ያመናል።

አሁን ይስሙኝ። ደብዳቤዎን እራት ላይ ጮክ ብለሽ አንብቢው ተባልኩ። በበቆሎ ዳቦና በባቄላ መሃል አነበብኩ። «ቀስ በይ፣ የኔ እመቤት» የሚለው ላይ ስደርስ አያቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት።

«እንደሷ አይደለም» አሉና ተነስተው መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ውሃውን ከፍተው ቆዩ።

እማማ ኧርሊን «ምን ሆነ ሰውዬው?» አሉ።

«ፔካን አንቋቸው ይሆናል» አልኩ። ወዲያው ሄጄ ሸክላውን አጫወትኩና ጆሮዬን ለጠፍኩበት። አክስቴ፣ እኔ ያችን ሴት ሁልጊዜ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ነበር የማስባት። ያን ቀን ግን በደንብ ስሰማት ድምፅዋ የእሑድ ልብስ የለበሰ ነው። ባርኔጣ ሁሉ አድርጓል።

የመታጠቢያ ቤቱን በር አንኳኳሁ። «አያቴ፣ አክስቴ ኦዜላ ናቸው አይደል?»

ከውስጥ «ቃል ገብቻለሁ» አሉ። ውሃውን ዘጉት። ከዚያ «እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አፌ ተዘግቷል» አሉ፣ በተዘጋው አፋቸው።

እርስዎ ነዎት። እባክዎ ይምጡልን። ጁን 8 ቅዳሜ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ላይ እኔ ራሴ እቀበልዎታለሁ። መጠጥ ቤት አልገባም ካሉ መላ አለኝ፤ ከሚስ ክሎቲል ቤት ጎን ባዶ ቦታ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦውን በመስኮት አውጥተን ውጭ እንዲጫወቱ ሚስ ክሎቲልን አሳምኛታለሁ። ሰማዩ የሚስ ክሎቲል አይደለም።

አያቴ የሚፈሩት ምን እንደሆነ ነገሩኝ፦ «ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ በርታ፣ ቶሎ ዳን፣ ፍጠን ይለኛል። እጄ ግን አይፈጥንም።» ይህን ሲሉ አልቀለዱም። እሳቸው ሳይቀልዱ ሲቀሩ እኔ እፈራለሁ።

መልስዎን የምትጠብቅ
ዴኒታ


ቺካጎ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1985

ለተከበሩ አክስቴ

የፋሲካ ጥቅሱ፣ ዶሮዎቹም ዳሌዎም ሰላም ናቸው ብዬ አምናለሁ። ፖስተኛው ግን ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል።

አስቆጥቼዎ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እማማ ኧርሊን «አንቺ አፍሽ ከጫማሽ በፊት ነው ቤት የሚገባው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የሚስ ክሎቲል ማስታወቂያ በየግድግዳው ተለጠፈ። አያቴ አንዱን ገንጥለው ቀደዱት። ልብስ ላጥብ ኪሳቸውን ስፈትሽ ግን ቁራጩን አገኘሁት፤ በሥርዓት ታጥፏል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። እጃቸውን ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ሐኪሙ ብዙ ነገር አዟቸው አንዱንም አልሰሙትም፤ ይህን ግን አንድ ቀን አላጓደሉም። ስጠይቃቸው «ኦዜላ ካለች አለች» አሉ።

ዴኒታ


ሼልቢ፣ ሜይ 9 ቀን 1985

ለዴኒታ

ሰላም ላንቺ ይሁን። መጀመሪያ የዘገየሁት ተቆጥቼ ነው። ቁጣው ሲበርድ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ።

ሸክላው በተቀረጸበት ዓመት ቺካጎ የመጣሁት ወንድሜን ልሰማ አይደለም፤ ልመልሰው ነው። በጫማ ካርቶን የተጠበሰ ዶሮ ይዤ፣ ባቡር ተሳፍሬ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሰውዬ ጆሮውን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልመልስ። ቤቱ ስደርስ ሸክላ ሊያስቀርጽ ሄዷል አሉኝ። ሄድኩበት። አንድ መነጽራም ሰው ወንበር ሰጠኝና «እመቤቴ፣ ቀዩ መብራት ሲበራ ማንም አይናገርም» አለኝ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ለፌት ያመጣሁለትን ስድብ በልቤ እየደረደርኩ ተቀመጥኩ።

ሁለቱን ዘፈን ዝም ብዬ አሳለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ፌት ቸኮለ። ፈርቶ ነበር። ጀርባውን አውቀዋለሁ፤ ሲፈራ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። በሰባት ዓመቱ፣ በፋሲካ እሑድ፣ አጭር ሱሪ ለብሶ ጥቅሱን ሊል ሕዝብ ፊት ሲቆም ትከሻው ልክ እንደዚያ ነበር። ጀመረ፣ ተደናቀፈ፣ ዝም አለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሲደናቀፍ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ያን ጊዜ «ቀስ በል፣ የኔ ጌታ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሕዝቡም ተቀበለኝ፤ ልጁም ጥቅሱን ጨረሰ።

ቺካጎም ውስጥ ቀዩን መብራት እያየሁት አፌ እንደለመደው አለው። እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው።

ከዚያ ደነገጥኩ። የጌታን ቤት ቃል በመጠጥ ቤት ዘፈን ላይ አፈሰስኩት ብዬ አፈርኩ። ተነስቼ ወጣሁ፤ በሩም ከእጄ አምልጦ ተላተመ። በማግስቱ ፌትን «ለማንም እንዳትናገር፤ ለምታገባት ሚስትም ቢሆን» አልኩትና በባቡር ተመለስኩ። መነጽራሙ ሰው ቃሌን ቆርጦ ሊያወጣው ነበር አሉ፤ ፌት ነው አይሆንም ያለው። ሸክላውን እኔ ሰምቼው አላውቅም። በቤቴም አልገባም።

አልመጣም። ዳሌዬ የባቡር ወንበር አይችልም። ሰማዩ የክሎቲል ባይሆንም፣ ሽቦው ከማን ቤት እንደሚወጣ እኔም አውቃለሁ፣ ጌታም ያውቃል። በማግስቱም የልጆች እሑድ ነው። ይህ ነገር እዚህ ቢታወቅ ነጩን ልብሴን አውልቄ የኋላ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። በምን አፌ ነው ልጆችን የማስጠናው? ለማንም አትናገሪ።

ፌትን ግን አይዞህ በዪልኝ።

ኦዜላ


ቺካጎ፣ ሜይ 17 ቀን 1985

ለውድ አክስቴ

ሰላምታዬ ከነሙሉ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ጊዜ ቀስ ብዬ።

በሩ! «ድም» ማለት በሩ ነው! አጎቴ ሮስኮ ለሃያ ዓመት ሲሰደቡ የኖሩት በእርስዎ በር ነው! ትናንት ደረጃ ላይ አግኝቻቸው «አጎቴ፣ እኔ አምንዎታለሁ፤ አልመቱም» ብቻ አልኳቸው። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሊጥሉ ነበር። «ከመላው ቤተሰብ አእምሮ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። ይህን ሙገሳ ለእማማ ኧርሊን ብነግራቸውም አላመኑኝም።

ስለ እሳቸው ነው የምጽፈው። አክስቴ፣ አያቴ ቃልዎን ጠብቀዋል። በምን ዋጋ እንደጠበቁት ግን አያውቁም። ሶፋችን በአያቴ ቅርጽ ጎድጉዷል። እማማ ኧርሊን አንድ ጊዜ እያለቀሱ «ማን እንደሆነች ብቻ ንገረኝና አምንሃለሁ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። አያቴ «ቃል አለብኝ» አሉ፣ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ወደ ሶፋው ሄዱ። እኔ ብሆን እስከ ቁርስ እንኳ አልቆይም ነበር። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ቆዩ፤ እርስዎንም አንድ ቀን በክፉ አንስተው አያውቁም።

ለእማማ ኧርሊን ልንገራቸው? ለእሳቸው ብቻ?

ሁለተኛ፣ መምጣት ካልቻሉ ያስተምሩኝ። አያቴ አሁን «ጊታሩን ይዤ እመጣለሁ፤ መያዝ ግን መጫወት አይደለም» ብለዋል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እጃቸው እንደሚቆም እሳቸውም እኔም እናውቃለን። አንድ ሰው ሊላቸው ይገባል፤ በትክክል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ እየተለማመድኩ ነው፤ እስካሁን የሚመስለው አውቶቡስ እንደምታስቆም ሴት ነው። ደግሞ አያቴን አንተ ማለት ከብዶኛል። «ቀስ ይበሉ፣ ጌታዬ» ብል ይሠራል?

ተማሪዎ
ዴኒታ


ሼልቢ፣ ሜይ 28 ቀን 1985

ለዴኒታ

አይሠራም። እንደዚያ የሚባለው ለፖሊስ ነው።

ትምህርቱ ይህ ነው። ከጉሮሮሽ አታውጪው፤ ከጉሮሮ የሚወጣ ማዘዝ ነው። ሕፃን ሲራመድ ከኋላው እጅሽን እንደምትዘረጊ አድርገሽ በዪው፤ ሳትነኪው። ቀድመሽ አትናገሪ። ትከሻውን እዪ። እየወጣ ሳለ ዝም በዪ። ላይ ደርሶ ሲቆም፣ ያኔ። ላንቺ የሚከብድሽ መናገሩ አይደለም፤ መጠበቁ ነው።

ሌላውን ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ፌት ያንን ሁሉ ዓመት እንደዚያ መኖሩን አላውቅም ነበር። አፌን ያዳለጠኝ እኔ፣ ሶፋ ላይ የተኛው እሱ። ከዚህ ጋር ያለችውን ቁራጭ ለኧርሊን ስጫት። ከእሷ በቀር ማንም አይያት።

ኦዜላ

(ቁራጯ)

ለእኅቴ ለኧርሊን፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ አፍንጫውን የጠረግኩለት፣ ሱሪውን የጠገንኩለት እኅቱ። አላስከበርኩትም፤ እሱ ግን አስከበረኝ። ከዛሬ ጀምሮ አልጋው ላይ ይተኛ። ኦዜላ።


ቺካጎ፣ ጁን 10 ቀን 1985

ለውድ አክስቴ

ሰላምታዬ እጅ ነስቼ፣ ሳቄንም እንባዬንም አንድ ላይ አድርጌ ነው። ቀስ ብዬ ልጽፍ ቃል ገባሁ፤ እንግዲህ ይታዘቡኝ።

ቁራጯን እማማ ኧርሊን ወጥ ቤት ቆመው አነበቧት። አንዴ አነበቡ፣ ገለበጧት፣ ጀርባዋ ላይ ምንም የለም፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ ሄደው የአበባውን ማሰሮ ከማጉያው ላይ አነሱ። በጨርቅ ወለወሉት። አያቴ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ሶፋው ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ሆኗል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ሽቦዎቹን በሚስ ክሎቲል መስኮት አወጣን። የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ከሽቦው ጋር አብሮ ወጣ። የአውቶቡስ ሹፌሩ ከነዩኒፎርሙ መጣ፤ አውቶቡሱን የት እንደተወው አልጠየቅንም። ነርሷ እናቷን ይዛ መጣች። አያቴ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ሁሉንም ቁልፍ ቆልፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ማጉያው አጠገብ ቆምኩ፣ ቃሌን ምላሴ ላይ አድርጌ።

ሁለቱን ዘፈን ባንዱ ተሸከማቸው። እሳቸው እዚህም እዚያም አንዳንድ ድምፅ ጣል ያደርጋሉ፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ግን ለታመመ ሰው የሚጨበጨበውን ጭብጨባ። ይህን እሳቸውም ለይተው ሰሙት።

ከዚያ «ሰባት ማይል ጭቃ»። ጀመሩ። ጣታቸው አልደረሰም። ሊደርሱበት ቸኮሉ፣ ተደናቀፉ፣ አቆሙ። ማጉያው እምምም አለ። ያ ሁሉ ሰው የሚቀጥለውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን ማንም አልደፈረም። ዓሣ የሚጠብሰው እንኳ አቆመ። የአያቴ ትከሻ ወደ ጆሯቸው ሲወጣ አየሁ። ልክ እንዳሉት! እየወጣ ነው፣ ዝም አልኩ። እየወጣ ነው፣ ምላሴን ነከስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። ላይ ደርሶ ቆመ። አፌን ከፈትኩ።

ከኋላዬ «ቀስ በል፣ የኔ ጌታ» የሚል ድምፅ መጣ።

እማማ ኧርሊን ናቸው። የዓሣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው፣ ከታጣፊ ወንበራቸው ሳይነሱ። አልጮኹም። ማንም አላስተማራቸውም። እኔ አንድ ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተለማምጄ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አያቴ ዞረው አዩዋቸው። ትከሻቸው ወረደ። ያኔ አጎቴ ሮስኮ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አልመታሁም ያሉት አጎቴ ሮስኮ፣ ከበሮውን አንድ ጊዜ «ድም!» አደረጉት። በኩራት!

ከዚያ ያቺ ድምፅ መጣች። እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም። ሸክላው ላይ ከማውቃት ዘግይታ ነው የመጣችው፤ ግን እዚያ የነበርነው ሁሉ የምንጠብቃት እዚያው ላይ ነበር። ዘፈኑን እስከ መጨረሻ በዝግታ ተጫወቱት፤ የቀሩትንም በሙሉ። አሁን የኖርዌዩ ልጅ ለምን እንዳለቀሰ ገባኝ፤ ለእኔ ግን ሻይ ያመጣልኝ ሰው የለም።

አመሰግናለሁ፣ አክስቴ። አያቴን መልሰውልናል። ሸክላውን በጥቅል ልኬልዎታለሁ፤ ባይሰሙትም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ከታች ያለው ጽሑፍ የእሳቸው ነው፤ እስክሪብቶውን ያስያዝኳቸው በግራ እጃቸው ነው።

ዴኒታ

ኦዜላ፣ ሰማሁሽ። ፌት።


ሼልቢ፣ ጁን 24 ቀን 1985

ለልጄ ለዴኒታ፣ ለወንድሜ ለፌት፣ ለእኅቴ ለኧርሊን

ሰላምና ምስጋና ለሦስታችሁም ይሁን። ደብዳቤያችሁም ጥቅሉም ደርሶኛል።

እናንተ በተጫወታችሁ ማግስት የልጆች እሑድ ነበር። ትንሹ ኮርኔል፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ክራባቱ እስከ እምብርቱ ወርዶ ጥቅሱን ሊል ቆመ። ሁለት ቃል አለና ጠፋበት። እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ ነኝ፤ ትከሻውን እያየሁ። አፌን ስከፍት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ከኋላዬ ባንድ ድምፅ «ቀስ በል፣ የኔ ጌታ» አለ።

እሱ እንኳ ምንም አይደል፤ ከእኔው የለመዱት ነው። ከዚያ ግን፣ ዴኒታ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ እግር ወለሉን «ድም!» አደረገው።

ነጩን ባርኔጣዬን ይዤ ዞርኩ። ዲያቆናቱ ይስቃሉ። መዘምራኑ ይስቃሉ። ኮርኔል ራሱ ሳቀና ጥቅሱን ጨረሰ።

መውጫው በር ላይ ፓስተር ግሪርን ያዝኩት። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ሸክላው ሼልቢ ከደረሰ ጀምሮ ነዋ፣ እናት። በየእሑዱ እያሉት የርስዎን ድምፅ ማን ይስታል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እርስዎ ዝም ስላሉ ነዋ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ከእነሱ የደበቅኩ መስሎኝ፣ እነሱ ለእኔ ሲደብቁልኝ ኖረዋል። ከወንበሬም ያነሳኝ የለም። ባለፈው እሑድ እንዲያውም ትራስ አድርገውበት አገኘሁት።

ሸክላችሁ ሲደርስ ማጫወቻ ስለሌለኝ ፓስተር ግሪር ቤት ይዤው ሄድኩ። እሱ የራሱ ሸክላ አለው፤ ሽፋኑ ከመነካካት ብዛት ተልጧል። ያንተን አስቀምጥ፣ የእኔን አጫውት አልኩት። ሦስተኛው ዘፈን ደረሰ። ፌት ተደናቀፈ። ቃሌን ሰማሁ፤ ያኔ ድምፄ ወጣት ነበር። በሩ ተላተመ።

ከዚያ ያቺ ድምፅ መጣች።

ዴኒታ፣ እሷን ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስትወጣ እኔ ከበሩ ማዶ፣ ደረጃው ላይ፣ ቦርሳዬን አቅፌ እያፈርኩ ነበር። ወንድሜ ከውስጥ ሲመልስልኝ አልሰማሁትም። እስከ ኖርዌይ ያለ ሰው ሁሉ ሲሰማው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ፓስተር ግሪር መርፌውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። እጁን ያዝኩትና «መልሰው፤ ከመጀመሪያው» አልኩት። «ደግሞም ቀስ በል።»

ፌት፣ ሰማሁህ።

አመስጋኛችሁ
ኦዜላ

ፔካን ልኬያለሁ። በዚህኛው ጊዜ ላንቺ ነው።